በበዓል ሰሞን ከኦንላይን የኢንቨስትመንት ማጭበርበር ገንዘብን እንዴት መጠበቅ ይቻላል?

ከእንቁጣጣሽ፣ ከገናና ከፋሲካ በፊት ያሉት ሳምንታት ቦነስ የሚከፈልባቸው፣ ዕቁብ የሚወጣባቸውና ዘመድ ከውጭ ሀገር ገንዘብ የሚልክባቸው ናቸው፤ የበጉና የቅቤው ዋጋ ደግሞ ያንኑ ገንዘብ ያሳንሰዋል። «ዛሬ 10,000 ብር አስገብተው ከበዓሉ ማግስት 20,000 ይውሰዱ» የሚለው የቴሌግራም መልእክት የሚደርሰን በዚህ መሃል ነው። የመክፈያው ቀን ከበዓሉ በኋላ የሚደረገው ሆን ተብሎ ይመስለኛል፤ ባንክ ዝግ ሆኖ ሰውም ከቤተሰቡ ጋር በሚውልበት ጊዜ አጭበርባሪው ገንዘቡን ለማሸሽ ፋታ ያገኛል።

መልእክቱ ሲደርስዎ በመጀመሪያ ስሌቱን ይሥሩ። በቀን 2 በመቶ የሚያስገኝ ሥራ፣ ትርፉ ሳይወጣ ከተጠራቀመ፣ ገንዘብን በ36 ቀናት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ያደርሰዋል፤ በአንድ ዓመት ደግሞ 10,000 ብር ከ13 ሚሊዮን ብር በላይ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሥራ በእጁ ያለ ሰው የማያውቀውን ሰው የደመወዝ ትራፊ አይለምንም።

ቀጥሎ ትርፉ ከየት እንደሚመጣ ይጠይቁ። አንዳንዶቹ ራሳቸውን «ዲጂታል ዕቁብ» ብለው ስለሚጠሩ እዚህ ላይ ረጋ ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። በዕቁብ ዳኛውንና ጸሐፊውን ያውቋቸዋል፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ይጠራል፤ ማንም ከሚጥለው በላይ አይወስድም። በማጭበርበሪያው ግን ቀድሞ ለገባው የሚከፈለው ኋላ የገባው ካመጣው ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ቻርልስ ፖንዚ በአሜሪካ ቦስተን ከተማ በ45 ቀናት 50 በመቶ ትርፍ እሰጣለሁ እያለ የሠራው ይህንኑ ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት 500 ብር በቴሌብር ተመልሶ ስለመጣልዎ ብቻ አይመኑ፤ ያቺ 500 ብር የተላከችው እርስዎ እህትዎንና ጎረቤትዎን በቅን ልብ እንዲጠሩ ነው። ሰው ላስገባ ኮሚሽን ይከፈላል ከተባለ ምርመራውን እዚያው ላይ ማቆም ይቻላል።

ፈቃድ አለን ካሉ የምን ፈቃድ እንደሆነ ይለዩ። የንግድ ፈቃድ ማሳየት ቀላል ነው፤ ለማማከር ወይም ለአስመጪነት የተሰጠ ወረቀት ግን ከሕዝብ ገንዘብ ለመሰብሰብ አያበቃም። ከሕዝብ ተቀማጭ ገንዘብ ለመቀበል የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በሰነደ መዋዕለ ንዋይ (እንደ አክሲዮንና ቦንድ ባሉ ሰነዶች) ግብይት ገዥና ሻጭን ለማገናኘትም ሆነ ለማማከር ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ሊኖር ይገባል። ቢሯችን ለገሃር ወይም ስታዲየም አካባቢ ነው ካሉዎት፣ በምሳ ሰዓት በእግርዎ ደርሰው የሕንፃውን ጥበቃ ይጠይቁ፤ ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ መንገድ የዓመት ቁጠባ ሊያተርፍ ይችላል። ድርጅት ነን እያሉ ገንዘቡን በግለሰብ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ እንዲያስገቡ የሚጠይቁ ከሆነም አይላኩ። በስልክ የሚመጣልዎትን የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አይንገሩ።

ገንዘቡን ልከው ከሆነ ሰዓታት ዋጋ አላቸው። የላኩት በቴሌብር ከሆነ በ127፣ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከሆነ በ951 ወዲያውኑ ደውለው የተቀባዩ ሒሳብ እንዲታገድ ያመልክቱ፤ የቴሌግራም ንግግሩንና የክፍያ ደረሰኙን ሳይጠፉ በፎቶ ያስቀሩና ለፖሊስ ያቅርቡ፤ ድርጊቱ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሊያስጠይቅ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሁለት ተጨማሪ ወጥመዶች ይመጣሉ። አንደኛው «ገንዘብዎን ለማውጣት በቅድሚያ ግብር ይክፈሉ» የሚል ሲሆን፣ ሌላው የጠፋውን አስመልስልዎታለሁ ብሎ የአገልግሎት ክፍያ የሚጠይቅ ሰው ነው። ለሁለቱም አንድ ብር እንኳ አይክፈሉ።

እርስዎ የጋበዟቸው ዘመዶች ካሉ፣ ኀፍረቱ ቢከብድም፣ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ከመሄድዎ በፊት ይደውሉላቸው፤ ከመካከላቸው ገና ያላስገባ ሰው ሊኖር ይችላል።