ትንሽ የቤንዚን ሞተርን ያለ ቱርቦ ማስኬድ

ቱርቦው (በጭስ ግፊት እየተሽከረከረ አየር ወደ ሞተር የሚገፋው) የሞተበት መኪና ምትኩ እስኪገኝ ያለ ቱርቦ ሊነዳ ይችላል። ጉልበቱ ግን ይወርዳል፦ 0.5 ባር ይገፋ የነበረ ከሆነ ሲሶው ገደማ፣ 1 ባር ከሆነ ደግሞ ግማሹ ገደማ ይሄዳል። የቱርቦ ሞተር ኮምፕሬሽኑ (ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀው መጠን) ሆን ተብሎ ዝቅ የተደረገ ስለሆነ ከመጀመሪያው ያለ ቱርቦ ከተሠራ እኩያው እንኳ ያንሳል። ነዳጅ እቆጥባለሁ ብሎ ቱርቦ ማውረድ ከንቱ ድካም ነው።

መጀመሪያ የወረደውን ቱርቦ እዩት። የአየር ማስገቢያው ምላጭ ተሸርፎ ከሆነ ስብርባሪው ኢንተርኩለር (የተገፋውን አየር ማቀዝቀዣ) ውስጥ ተቀምጧል፤ መልሳችሁ የምትጠቀሙበት ከሆነ አውርዳችሁ ሳታጥቡና ሳታደርቁ አትግጠሙት።

ሞተር የሚገድለው የዘይቱ ሥራ ነው። ወደ ቱርቦ የሚሄደው ቀጭን ቱቦ ዘይት የሚያገኘው ከፖምፓው በቀጥታ፣ በሙሉ ግፊት ነው። አጥፎ በፋሼታ ማሰር አያዛልቅም፤ አንዴ ካመለጠ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) በደቂቃዎች ውስጥ ይራቆታል። ቱቦውን ከብሎኩ ላይ ከነራኮርዶው (ከነማያያዣው) ፍቱና በቦታው ታፖ (መድፈኛ ቡሎን) በአዲስ የመዳብ ሮንዴላ እሰሩ። ታፖ ስትገዙ የድሮውን ራኮርዶ ይዛችሁ ሂዱ፤ ጥርሱ በዓይን ተመሳስሎ ሊለያይ ይችላል። የቴፍሎን ጥቅል አትጠቀሙ፣ ብጣሹ የዘይት መንገድ ይዘጋል። ወደ ኮፓ የሚመለሰው ወፍራም ቱቦ ግፊት የለውም፤ ቢሆንም ክፍት ከቀረ ዘይት ይረጫል። ቀዳዳውን በ3 ሚሊ ሜትር ላሜራና በጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ዝጉት።

ቱርቦው በውሃ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ሁለቱን የውሃ ቱቦዎች በልካቸው በሆነ የብረት ቱቦ እርስ በርስ አገናኙና አየሩን አስወጡ።

ለጭስ ማውጫው ምርጡ መፍትሔ የዚያው ሞተር ቱርቦ አልባ ዓይነት ካለ የጭስ ማኒፎልዱን (ከሲሊንደሮቹ ጭሱን የሚሰበስበውን) ወስዶ መግጠም ነው። ካልተገኘ በማኒፎልዱና በማርሚታው መስመር መካከል የሚገባ ቱቦ ይበየዳል። የቱርቦውን ጓርኒሲዮን እንደ መለኪያ ተጠቅማችሁ ፍላንጁን (በቡሎን የሚታሰረውን ጠፍጣፋ ጫፍ) ከ10 ሚሊ ሜትር ብረት አስቆርጡ፤ ስስ ብረት በሙቀት ይጣመምና ይተነፍሳል። የኦክሲጅን ሴንሰሩም ከካታሊስቱ (ከጭስ ማጣሪያው) በፊት ባለው ቦታው ይቀመጥ። ከሱ በፊት ባለው መስመር ላይ ትንሽ ቀዳዳ ካለ የውጭ አየር ይስባል፣ ኮምፒውተሩም ነዳጅ ያነሰ መስሎት ይጨምራል። የቱርቦውን ሆድ ዕቃ አውጥቶ ቀፎውን መልሶ የሚያስር አለ፤ ይሠራል፣ ግን እንደ ቀንድ አውጣ የተጠመዘዘው ጠባብ መንገዱ ጭሱን ያንቃል፣ የዘንጉም ቀዳዳ በወፍራም ብረት መደፈን አለበት።

አየሩ ከፊልትሮ ወደ አየር መለኪያ ሴንሰር፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ትሮትል (የአየር መግቢያ በር) ይሂድ። ቱቦው ግድግዳው ጠንካራ ይሁን፤ ድሮ ይነፋ የነበረው አሁን ይመጠጣልና ለስላሳው ሊጣበቅ ይችላል። የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ ከሴንሰሩ በኋላ፣ ከትሮትሉ በፊት ይገባል። የአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ላይ ባዶ የቀረች ትንሽ የቱቦ ጡት ካለች በላስቲክ ክዳን ትዘጋ። ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ያለው ዙር) ከፍና ዝቅ እያለ የሚያስቸግር ከሆነ መጀመሪያ የምትጠረጠረው እሷ ናት።

የቱርቦ ግፊት መቆጣጠሪያው ሶሌኖይድ (የኤሌክትሪክ ቫልቭ) ሥራ ባይኖረውም ሶኬቱን አትንቀሉ፤ ከተነቀለ ተጨማሪ የብልሽት ኮድ ያመጣል። ፒ0299፣ ማለትም የቱርቦ ግፊት ማነስ፣ መምጣቱ አይቀርም፤ አንዳንዱ መኪና ጉልበቱን የባሰ ይቀንሳል። ፕሮግራሙ ካልተስተካከለ የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራቱ እየተመለሰ ይበራል፤ ሌላ ብልሽት ከሱ ጀርባ እንዳይደበቅ በየጊዜው ኮድ አስነብቡ። ካንዴላው በጥላሸት ከጠቆረ አንድ ደረጃ ሞቃታማ የሆነውን ቀይሩ፤ የቱርቦ ሞተር ካንዴላ ቀዝቃዛ ዓይነት ነው።

ከማስነሳታችሁ በፊት የነዳጅ ፖምፓውን ፊውዝ አውጡና የዘይት መብራት እስኪጠፋ በስታርተር አሽከርክሩ። ፊውዙን መልሳችሁ አስነሱትና በሚኒሞ 5 ደቂቃ ያህል አቆዩት፤ በባትሪ ብርሃን የታፖውን ዙሪያ እዩ። የረጠበ ነገር ካለ አጥፍታችሁ ሮንዴላውን ቀይሩ። ሞተሩ ሞቆ ሲቀዘቅዝ የፍላንጁን ዳዶዎች እንደገና አጥብቁ።