የቴክሳስ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ያገኙትን ስህተት አሳታሚው እንዲያርም እንዴት ማድረግ ይቻላል?

ቴክሳስ ውስጥ ለትምህርት ቤቶች የሚቀርብ መጽሐፍ በግዛቱ የትምህርት ቦርድ ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ አስተያየት ይከፈታል። አስተያየት ለመስጠት መምህር መሆን አያስፈልግም።

በቅድሚያ ቀኑን ይወቁ። አሁን ያለው አሠራር እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ ሕግ የተዘረጋ ነው፤ ቦርዱ ድምፅ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ በኅዳር ወር ስለሆነ በአሜሪካው በጋ፣ ማለትም ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ፣ ንባብ መጀመር ይሻላል። ናሙናዎቹ በቴክሳስ ትምህርት ኤጀንሲ ድረ ገጽ በኩል ይገኛሉ።

ሲያነቡ ካርታዎችን፣ የሥዕል መግለጫዎችንና የክለሳ ጥያቄዎችን ያስቀድሙ። ዋናውን ጽሑፍ ብዙ ዓይን አይቶታል፤ ከሥዕሉ ሥር ያለችውን አንዲት መስመር ግን ማንም ልብ አይላትም።

አስቸጋሪው አስተያየቱን መጻፍ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ የዓለም ታሪክ መጽሐፍ ላይ የ1914 (እ.ኤ.አ.) የአፍሪካ ካርታ አየሁ፤ ኢትዮጵያ ከኤርትራ ጋር በአንድ የጣሊያን ቀለም ተቀብታለች። ደሜ ፈላ። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ስለ ዓድዋ ሦስት ገጽ ጻፍኩ፤ ምኒልክ፣ ጣይቱ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ የቀረኝ ነገር አልነበረም። የቀረኝ የገጹ ቁጥር ብቻ ነው። ከአሳታሚው የመጣው መልስ አንድ መስመር ነበር፦ ይዘቱ የግዛቱን የትምህርት መለኪያ ያሟላል፣ ለውጥ አያስፈልግም።

ሳምንት ሙሉ ተናደድኩ። ንዴቱ ሲበርድ ግን ጥፋቱ የእኔም እንደሆነ ገባኝ። በወቅቱ የነበረው ሕግ ቦርዱ መጽሐፍን ውድቅ የሚያደርግባቸውን ምክንያቶች አጥብቦ፣ የሐቅ ስህተትን ግን አንዱ አድርጎ አስቀምጦ ነበር። እኔ ደግሞ የጻፍኩት ስለ ቁጭቴ እንጂ ስለ ስህተቱ አልነበረም።

ሁለተኛውን አስተያየት በአራት መስመር ጨረስኩት። ገጹን ጠቀስኩ፤ ስህተቱን እንዳለ ገለበጥኩ፤ እ.ኤ.አ. በ1914 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በአውሮፓ ቅኝ አገዛዝ ሥር እንዳልነበሩ አመለከትኩ፤ ኢትዮጵያም እንደ ላይቤሪያ ነጭ ሆና ትታይ አልኩ። ማስረጃ ያደረግኩት ያንኑ መጽሐፍ ነው፤ ጥቂት ገጾች ቀደም ብሎ ኢትዮጵያ ጣሊያንን እ.ኤ.አ. በ1896 ማሸነፏን ራሱ ይናገራል። ከራሱ መጽሐፍ ጋር የሚከራከር አሳታሚ እስካሁን አላየሁም። «ይታረማል» የሚል መልስ መጣ።

የሚታረመው ዐረፍተ ነገር ከሆነ ምትኩን እርስዎ ጽፈው ያቅርቡ፤ ርዝመቱም ከቀድሞው ጋር ይቀራረብ። የገጹን አቀማመጥ የሚያፈርስ እርማት አዘጋጁን ያስፈራዋል። በአንድ አስተያየት አንድ ስህተት ብቻ ይጻፉ፤ አምስት ከደረደሩ የሚመለስልዎት ለቀላሉ ነው። አንዱን ደብዳቤ አባዝቶ በሃምሳ ሰው ስም መላክን አልወደውም፤ አሳታሚውም አንዱን መልስ ሃምሳ ጊዜ ይገለብጣል።

ቦርዱ ወደሚሰበሰብበት ወደ ኦስቲን ከተማ ሄዶ በስብሰባው ላይ መናገርም ይቻላል። አስቀድመው ይመዝገቡ፤ የሚሰጥዎት ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

«ይታረማል» ሲባሉ የት እንደሚታረም ይጠይቁ፤ በኮምፒውተር የሚነበበውና የታተመው ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሂውስተን አካባቢ አንድ ተማሪ የማግሮው ሂልን የጂኦግራፊ መጽሐፍ ፎቶ አንስቶ ለእናቱ ላከላት። የካርታው መግለጫ በባርነት የተጋዙትን አፍሪካውያን «ሠራተኞች» ይላቸዋል። እናትየው ጉዳዩን በፌስቡክ ይፋ ካደረገች በኋላ አሳታሚው በቀናት ውስጥ ስህተቱን አመነ፤ የኮምፒውተሩ ቅጂ እንደሚስተካከል አስታወቀ፤ መጽሐፉን ለያዙ ትምህርት ቤቶች ደግሞ በስህተቱ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ወይም ምትክ መጽሐፍ አቀረበ።

ስለዚህ እርማቱ ክፍል ውስጥ መድረሱን መምህሩን ይጠይቁ። እኔ ስጠይቅ የልጄ መምህር ለዚያ ለአፍሪካው ካርታ የተላከውን ተለጣፊ ከመሳቢያዋ አውጥታ አሳየችኝ፤ እሽጉ አልተከፈተም።