የሚታጠፈውን መሮ በባሌስትራ ተካሁት

ኮምቦልቻ፣ እንጨት የምሠራበት ቤት ውስጥ ከፌሮ ያስቀጠቀጥኩት መሮ ነበረኝ። ወይራ ሲነካ ጫፉ ይታጠፋል። ብስለውም ያው ነው። ጥፋቱ የስለቱ ሳይሆን የብረቱ ነበር። ፌሮ ብዙውን ጊዜ ካርቦኑ ትንሽ ስለሆነ አግለው ቢነክሩትም እምብዛም አይጠነክርም።

አሮጌ የመኪና ባሌስትራ፣ ከመኪናው ሥር ያለውን ጠፍጣፋ የብረት ሞላ፣ ገዛሁ። ካርቦኑ 0.6 በመቶ አካባቢ ነው። ቀጥቅጠን ቅርጹን ካወጣን በኋላ፣ ማግኔት መያዝ እስኪተው በከሰል አግለን ለብ ያለ ዘይት ውስጥ ነከርነው። በውሃ እንዳትሞክሩት፣ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከመጠንከሩ የተነሣ ሞረድ አልበላው አለ፤ ግን እንደዚያ ሆኖ ቢመታ ይሰበራል። ስለዚህ ፈግፍገን አጸዳነውና የገለባ ቀለም እስኪይዝ፣ 230 ዲግሪ ገደማ፣ ቀስ አድርገን አሞቅነው። ይህችን እባካችሁ አትዝለሏት!

ሦስት ሳምንት ወይራ ፈለፈልኩበት። ጫፉ ምንም አልሆነም።