ስኖርክል ከማስገጠማችሁ በፊት ኮፈኑን ክፈቱ

ሃይሉክስ ወይም ላንድክሩዘር ይዛችሁ ምልልሳችሁ ከፒያሳ ካዛንቺስ ብቻ ከሆነ፣ ለስኖርክል (ሞተሩ አየር ከጣሪያው ከፍታ እንዲስብ ለሚያደርገው ቱቦ) ገንዘብ ለማውጣት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ኮፈኑን ከፍታችሁ ሞተሩ አየር የሚስበው ከየት እንደሆነ እዩ፤ ብዙዎቹ ላይ ፓራፋንጎው ውስጥ፣ ከጎማው ከፍ ብሎ ነው። ቶዮታ ለአዲሶቹ ሃይሉክሶች 70 ሳንቲሜትር ያህል የውሃ ጥልቀት ይፈቅዳል። ክረምት ላይ አስፋልቱ ያቆረው ውሃ ከዚያ ካለፈ መሻገሩ ራሱ ጤነኛ ሐሳብ አይደለም (ከሥሩ ክፍት የፍሳሽ ጉድጓድ ይኑር አይኑር አይታይማ)።

ስኖርክል የሚያዋጣው ወንዝ ለሚያቋርጥ፣ እንደኔ እንደኔ ግን ይበልጡን አፋር በረሃ ላይ የሌላ መኪና አቧራ እየበላ ለሚነዳ ነው፤ ከላይ የሚሳበው አየር ስለሚጠራ ፊልትሮው ቶሎ አይደፈንም። መገጣጠሚያው በደንብ ካልታሸገ ደግሞ ጌጥ ነው። የካምቢዮና የዲፈረንሻል መተንፈሻዎችም ከፍ ካላሉ ውሃው በእነሱ በኩል ይገባል።

ሞተሩ ውሃ ውስጥ ከጠፋ ቁልፉን እንዳትነኩ! ውሃ አይታመቅም፤ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ከሆነ አንዴ ማስነሳት ብቻ ፒስተኑን የያዘውን ዘንግ ሊያጣምመው ይችላል። አስጎትታችሁ አውጡና ፊልትሮውን በእጃችሁ ዳስሱ፤ ከረጠበ መካኒክ ሳያየው አይነሳ።