ፋይሌ ዴስክቶፕ ላይ ነው፣ አይነካም

«ፎርማት አርግልኝ፤ ፋይሌ ዴስክቶፕ ላይ ስለሆነ አይነካም።» ላፕቶፕ እየጠገንኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ይህችን ነገር በሰማሁ ቁጥር ግን ዛሬም ሆዴን ባር ባር ይለዋል።

ዴስክቶፕ ሁሌ ፊት ለፊት ስለሚታይ ለብቻው የተቀመጠ ቦታ ይመስላል። አይደለም! ሲ ድራይቭ (ዊንዶውስ የተጫነበት የዲስኩ ክፍል) ውስጥ ገብታችሁ ዩዘርስ የሚለውን ክፈቱ። እዚያ በስማችሁ የተቀመጠ ፎልደር አለ። ዴስክቶፕ እሱ ውስጥ ያለ ተራ ፎልደር ነው። ዶክመንትስና ዳውንሎድስም ጎረቤቶቹ ናቸው። ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው ያው ሲ ነው።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት የማስተርስ ተማሪ መጣች። «ፋይሎችሽን አውጥተሻል?» አልኳት። «አዎ፣ ሁሉንም ዴስክቶፕ ላይ ሰብስቤያቸዋለሁ» አለችኝ። እኔ የሰማሁት «አዎ» የምትለዋን ብቻ ነው። ማታ ደወለች። መጀመሪያ አላለቀሰችም፤ «ባዶ ነው፣ የት አስቀመጥክልኝ?» ነበር ያለችው። ሁለት ቀን ሙሉ በሪከቨሪ ፕሮግራም ስፈልግ ከረምኩ። የተገኙት ፋይሎች ስማቸው ጠፍቶ በቁጥር ብቻ ተደርድረዋል። አንድ በአንድ እየከፈትን ከመመረቂያ ጽሑፏ ሁለት ምዕራፍ አገኘን። ሦስተኛው ቀረ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሲን ከፍቼ ማየት ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ቢምልልኝም ራሴ ኮፒ ሳላደርግ አልነካም። እናንተም ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ላይ ሳትገለብጡ ለማንም አትስጡ። ለኔም ቢሆን።

«ሜሞሪው ሞልቷል፣ ራም ጨምርልኝ» የሚሉም አሉ። ራም ሥራ የሚሠራበት ምጣዱ ነው፤ ሃርድ ዲስኩ ፋይል የሚቀመጥበት ጎተራው። ጎተራ ሞላ ተብሎ ምጣድ አይገዛም። ፊልሞቹን አጥፉ።

ሪስታርት አድርጉት ስል «አጥፍቼ አበራሁት እኮ» ይሉኛል። አንድ አይደለም። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ሻት ዳውን ስትሉት ማሽኑ ብዙውን ጊዜ የሲስተሙን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ነው የሚተኛው፤ በፍጥነት እንዲነሳ ነው። ስለዚህ የተበላሸውም ነገር አብሮ ተኝቶ አብሮ ይነሳል። ሪስታርት ግን ከዜሮ ይጀምራል። ነገሩ ቢገርምም እውነት ነው።

ዋይፋይና ኢንተርኔትም ይምታታሉ። ዋይፋይ በስልካችሁና በራውተሩ (ኢንተርኔቱን በሚያከፋፍለው ሳጥን) መካከል ያለችው አጭር መንገድ ብቻ ነች። ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ምንም ካልከፈተ ብሮውዘር ላይ የራውተሩን አድራሻ ጻፉ፤ ብዙዎቹ ላይ 192.168.1.1 ነው፣ ካልሆነም ከስሩ ተለጥፏል። ገጹ ከመጣ ዋይፋያችሁ ደህና ነው። ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው።

እባካችሁ ግን መርፌ አታንሱ! ራውተሩ ጀርባ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ሪሴት ነች። ሪስታርት አይደለችም። እሷን ተጭናችሁ ከያዛችሁ የዋይፋዩ ስም፣ ፓስወርዱ፣ ከኢንተርኔት አቅራቢው የተሰጣችሁ ዩዘርኔም ሁሉም ይሰረዛል። ያ ዩዘርኔም የተጻፈበት ወረቀት ደግሞ በተፈለገ ጊዜ ተገኝቶ አያውቅም። ማስነሳት ከፈለጋችሁ ከሶኬት ነቅላችሁ ትንሽ ቆይታችሁ ሰኩት፣ በቃ።

«4 ሜጋ ከፍዬ ግማሽ ሜጋ ነው የሚያወርደው፣ ተሸወድኩ» ለሚለኝም መልስ አለኝ። የተከፈለበት ፍጥነት የሚለካው በሜጋቢት ነው፤ ፋይል ሲወርድ የሚታየው ግን ሜጋባይት። 8 ቢት አንድ ባይት ነው። 4 ለ8 ሲካፈል ግማሽ ነው፣ አልተሸወዳችሁም። ከግማሽ በጣም ወርዶ እዚያው ከቀረ ግን ደውሉ። ለአቅራቢው፣ ለኔ አይደለም።