የውስጥ እግር ኪንታሮትን በቤት መድኃኒት ሲያክሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ውስጥ እግር ላይ የሚወጣ ኪንታሮት ክፉ በሽታ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሳይነኩትም ይጠፋል። ሰውን ሲያስነክስና ከሥራ ሲያስቀር የምናየው አብዛኛውን ጊዜ እሱን ለማጥፋት የተለጠፈበት ነገር ነው።

ምንነቱን ሳይለዩ መጀመር

እኛ አገር ውስጥ እግሩ ላይ ጥቁር ነጥብ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሙጃሌን ነው። ወዲያው መርፌ ይፈለጋል፣ ቁፋሮ ይጀመራል። ሙጃሌ ቆዳ ውስጥ የገባች ቁንጫ ናት፤ መሃሏ ጥቁር፣ ዙሪያዋ ነጣ ያለ ነው፣ ታሳክካለች፣ በንጹሕ መርፌም ትወጣለች። የኪንታሮት ጥቁር ነጥቦች ግን ደም የረጋባቸው ቀጫጭን የደም ሥሮች ናቸው። «ሥሩን ነቅዬ አወጣዋለሁ» ብሎ የሚቆፍር ሰው ደም ከማፍሰስ በቀር የሚያገኘው የለም፤ ኪንታሮት ሥር የለውም። ኪንታሮትን የሚያመጣው ቫይረስ የሚኖረው በላይኛው የቆዳ ክፍል ነው፤ ስንቆምበትና ስንራመድበት ክብደታችን ወደ ውስጥ ስለሚጫነው ሥር የሰደደ ይመስላል።

ጫማ ካጠጠረው ቆዳ ለመለየት ግራና ቀኙን በሁለት ጣት ቆንጠጥ ያድርጉት። ኪንታሮት ሲቆነጠጥ ያማል፣ የጠጠረ ቆዳ ግን ይበልጥ የሚያመው ከላይ ሲጫኑት ነው።

እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ምልክት ወይም አልድን ያለ ቁስል ከሆነ ደግሞ ቅጠል ፍለጋ አይውጡ። ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር በጥቁር ሕዝብ ላይ ሲከሰት የሚያዘወትረው ውስጥ እግርን፣ መዳፍንና የጥፍር ሥርን ነው። ቦብ ማርሊ እ.ኤ.አ. በ1977 በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የተገኘበት ይኸው ነበር፤ መጀመሪያ የኳስ ጨዋታ ጉዳት ነበር የመሰለው። በ1981 በ36 ዓመቱ አረፈ።

ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጦ አስሮ ማደር

ሁሉም የሚመክረው ይህንን ነው። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ሲቀጠቀጥ አሊሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይወጣዋል፤ ያ ሽታውም የሚያቃጥለውም እሱ ነው። ማታ በፌስታል ተጠቅልሎ ካልሲ የተደረገበት እግር ጠዋት ሲፈታ ኪንታሮቱ እንደነበረ ይገኛል፤ ዙሪያው ያለው ጤነኛ ቆዳ ግን ቀልቶ ውሃ ቋጥሯል። ከነጭ ሽንኩርት የተዘጋጀ ቅባት ኪንታሮት እንዳጠፋ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ጥቂት ሰዎች ላይ የተሞከሩ ናቸው፣ የተቀባውም ቤተ ሙከራ ውስጥ ተጣርቶ የተመጠነ ነው። ከወጥ ቤት የመጣን ፍሬ ማን መጠነው? መሞከርዎ ካልቀረ ዙሪያውን ቫዝሊን ይቀቡና ኪንታሮቱ ላይ ብቻ ጥቂት ያድርጉበት፤ መለብለብ ሲጀምር አንስተው ይታጠቡ። አስረው ግን አይተኙ። በአቼቶ የተነከረ ጥጥም ያው ነው።

የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት

ከሁሉም የምፈራው ይህንን ነው። ቁልቋልም ቅንጭብም በየአጥሩ ስለሚገኙ ሰው ይዳፈራቸዋል። ቅርንጫፉ ሲሰበር ወተቱ ይፈናጠራል፤ ባይፈናጠር እንኳ ጣት ላይ ይቀራል፣ ጣት ደግሞ ሳያስቡት ዓይን ያሻል። የዓይን ብሌንን የሚሸፍነውን ስስ አካል ስለሚያቆስል እይታን ያደበዝዛል፣ ሳይታከም ከቆየም ሊያሳውር ይችላል። እግሩን ሊያክም ሄዶ ዓይኑን ይዞ መመለስ ማለት ይህ ነው። ጦብያውም እንደነዚሁ ወተት አለው፤ ወተቱ ዓይን ከነካ አደገኛ ነው። ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። በተለይ ልጅን በእነዚህ ማከም ነውር ነው እላለሁ፤ የልጆች ኪንታሮት ግማሽ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ በራሱ ይጠፋል።

ምላጭና የፈረስ ጭራ

በፈረስ ጭራ ማሰር እጅ ላይ ለተንጠለጠለ ኪንታሮት እንጂ ወደ ውስጥ ለተጫነ አይሆንም፤ የሚታሰር አንገት የለውም። ምላጭ ደግሞ ቁስሉን ለመንጋጋ ቆልፍ ያጋልጣል፣ ቫይረሱንም ወደ ጎን ይበትናል።

በደረቁ መቀባትና ቶሎ መሰልቸት

እሬትም ይሁን ሌላ፣ ወፍራም የሞተ ቆዳ ላይ የተቀባ ነገር ወደ ውስጥ አይዘልቅም። መጀመሪያ እግርን ለብ ባለ ውሃ 5 ደቂቃ ያህል መዘፍዘፍ፣ ከዚያ የተነሳውን ቆዳ ደም ሳይወጣው በድንጋይ በስሱ መፈግፈግ። ያ ድንጋይ የኪንታሮቱ ብቻ ይሁን፤ ተረከዝ የተፈገፈገበት ወይም ሌላ የቤት ሰው የተጠቀመበት ከሆነ ቫይረሱ አብሮ ይዞራል። በጋራ ሻወር ቤትም ያለ ነጠላ ጫማ አይግቡ።

ፋርማሲ የሚሸጠው ሳሊሲሊክ አሲድ ዘሩ ከእኛው ወንዝ ዳር ከሚበቅለው አኻያ ዝርያዎች ልጥ ነው፤ ከቤት ሕክምናዎች ሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለውም እሱ ነው። እሱ እንኳ በየቀኑ እየተቀባ እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። ዛሬ እሬት፣ ከነገ ወዲያ ነጭ ሽንኩርት፣ በሳምንቱ ጎረቤት ያመጣችው ቅጠል እያሉ የሚቀያይሩ ሰዎች የቱ እንደሠራ አያውቁም። ምስጋናውን የሚወስደው ሁልጊዜ የመጨረሻው ቅጠል ነው፤ ሰውነታቸው ግን ያን ጊዜ ቫይረሱን ማሸነፍ ጀምሮ ሊሆን ይችላል።

የስኳር ሕመምተኛ ሆኖ መሞከር

ስኳር የእግርን ስሜት ስለሚያደነዝዝ መቃጠሉ አይታወቅም፤ የደም ዝውውሩም ስለሚቀንስ ትንሿ ቁስል ሳትድን ትሰነብታለች፣ እግር እስከ መቆረጥም ታደርሳለች። ለስኳር ሕመምተኛ ነጭ ሽንኩርቱም አሲዱም አይሆንም፤ ለክትትል በሚሄድበት ቀን ጫማውን አውልቆ ለሐኪሙ ያሳይ።