የተላጠውን ዴካችንን እንዴት አስተካከልነው

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤታችን ጓሮ ውስጥ ዴክ፣ ማለትም ከእንጨት ሳንቃ የተሠራ ክፍት በረንዳ፣ አለ። አምና አስቀባነው። አንድ የበረዶ ወቅት እንዳለፈ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። በጣም አዘንኩ። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና የምታፈላው እዚያ ነው።

ጥፋቱ የቀለሙ አልነበረም። ሰዎቹ በውሃ ግፊት አጥበው በማግስቱ ቀቡት። እርጥብ እንጨት ስቴይን (ወደ እንጨቱ የሚሰርግ ቀለም) አይመጥጥም። ስቴይኑ ከላይ ይቀመጥና ይላጣል።

ዘንድሮ ሦስት የሰፈር ባለሙያዎች ጠራሁ። ሁለቱ ዋጋ ብቻ ነግረውኝ ሄዱ። ሦስተኛው የእርጥበት መለኪያ አውጥቶ ሳንቃው ላይ ተከለ። «ከ15 በመቶ በታች ካልወረደ አልቀባም» አለኝ። እሱን ያዝኩ። የፈቃድ ቁጥሩን በሜሪላንድ የቤት እድሳት ኮሚሽን ድረ ገጽ አረጋገጥኩ። ቅድሚያ የከፈልኩትም ሲሶውን ነው፤ የግዛቱ ሕግ ከዚያ በላይ መቀበል አይፈቅድም።

የድሮውን ቀለም በማስለቀቂያ አነሳ፤ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው። ሦስት ፀሐያማ ቀን ጠበቀ። ከዚያ ሳንቃው ላይ ውሃ አንጠበጠበ። እንጨቱ ወዲያው መጠጠው። ያኔ ነው ዘይት ያለውን ስቴይን ስስ አድርጎ አንድ ዙር ብቻ የቀባው። ትርፉን በጨርቅ ጠረገ። ጨርቁን ግን ጠቅልላችሁ እንዳትጥሉ! እንዲህ ያለ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በራሱ ሊነድ ይችላል። እሱ አጥር ላይ ዘርግቶ አደረቀው።

በሳምንቱ ቅዳሜ የእናቴ ረከቦት ወደ ቦታው ተመለሰ።